መርዶ ወደ ሳን ሆዜ

ፀዳለ ሳን ሆዜ የገባችው ሜክሲኮ መሄድ ስላልቻለች ነው። ኦክላንድ በምትማርበት ኮሌጅ ስፓኒሽ የሚያጠና ልጅ ሁሉ በሦስተኛ ዓመቱ አንድ ሴሚስተር ቋንቋው ወደሚነገርበት አገር ሄዶ፣ ሰው ቤት ገብቶ፣ የሰው እናት እናቴ ብሎ፣ በቋንቋቸው በልቶ ጠጥቶ፣ ተኮራርፎና ታርቆ መምጣት አለበት። በፈረንጅ ሰማንያ ስድስት፣ ጥር ላይ፣ የክፍሏ ልጆች ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወደ ሜክሲኮዋ ከተማ ወደ ጓዳላሃራ በረሩ። ፀዳለ ግን በሱዳን በኩል የመጣች ስደተኛ ናት። ግሪን ካርዷ ገና አልደረሰም፤ ከወጣች መመለሻ የላትም።

አስተማሪዋ አስባ አስባ መላ አመጣች። ሜክሲኮ ባትሄድም ሜክሲኮዎች አንድ ሰዓት መንገድ ላይ አሉ ብላ፣ ሳን ሆዜ ምሥራቁ ሰፈር፣ የፍራፍሬ ማሸጊያ ፋብሪካ የምትሠራ ዶኛ ኤልቪራ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ቤት አስገባቻት። ውሉ ጥብቅ ነው። ከጥር እስከ ግንቦት በዚያ ቤት ከስፓኒሽ በቀር ቋንቋ አይነገርም። ጠዋት የሰፈሩ ክሊኒክ ገብታ ለእናቶች ካርድ ታወጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ታጠናለች፣ ማታ ከዶኛ ኤልቪራ ጋር ቁጭ ብላ ታወራለች። እሑድ ከምሳ በኋላ ብቻ ለአክስቷ ለሸዋረጋ ደውላ አማርኛ እንድትናገር ተፈቅዶላታል።

«እስረኛ እንኳ ከዚህ የተሻለ ይጠየቃል» አለች ሸዋረጋ ይህን ስትሰማ።

«እትዬ፣ ውጭ አገር ሄዶ መማር ማለት እንደዚህ ነው» አለች ፀዳለ እየሳቀች።

«በአውቶቡስ የሚደረስበት ውጭ አገር። ይሁን፣ ሂጂ።»

ሸዋረጋ የፀዳለ አባት የዘነበ ታላቅ እህት ናት። ልጅቱን በአሥራ አራት ዓመቷ ከአባቷ እጅ ተቀብላ፣ በመተማ አውጥታ፣ ካርቱም ላይ ሁለት ዓመት የሰው ልብስ አጥባ አብልታ፣ ኦክላንድ ያደረሰቻት እሷ ናት። ፊደል አልቆጠረችም። ስሟን መጻፍ የቻለችው እዚህ አገር ነው፣ እሱንም እንደ ሥዕል ነው የምትስለው። ፊደል የቆጠሩት ግን ምላሷን ይፈሩታል። ሥራዋ ፕሌዘንተን ነው፣ አዲስ በተሠሩት የመስታወት ቢሮዎች ውስጥ። ባለ ከረባቶቹ ሲወጡ እሷ ትገባለች፤ ቅርጫት ትደፋለች፣ ጠረጴዛ ትወለውላለች፣ ሽንት ቤት ታጥባለች። ከኦክላንድ በኩባንያው ቫን የሚመላለሱት ሰባት ሴቶች ናቸው። ከእሷ በቀር ሁሉም ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ናቸው።

መጋቢት በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ፣ የሸዋረጋ በር ተንኳኳ። በቀዳዳዋ አየች። አቶ ታደሰ፣ ሚስቱ ወይንሸት፣ መንገሻና አንድ ሌላ ሰው ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ መሬት መሬት እያዩ ቆመዋል። በዚያ ሰዓት አራት ሰው በር ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ ለአበሻ አይነገረውም። ሸዋረጋ በሩን ከፈተች እንጂ ግቡ አላለችም።

«ማን ነው?» አለች።

«መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ» አለ ታደሰ።

«ቆሜ እሰማለሁ። ማን ነው?»

«ዘነበ።»

ልቡ ነው ቀጥ ያለው። ዘነበ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤ ሰው ግቢ ገብቶ ቁጥር ለማየት እንዳጎነበሰ በዚያው ቀረ። የአዲስ አበባ ጎረቤቱ ጌታቸው ነው ለታደሰ ስልክ የደወለው። ሸዋረጋ ደረቷን እየደቃች እስኪረፍድ አለቀሰች። ከታች ያለችው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ትደበድብ ጀመር። ታደሰ ወርዶ አስረድቷት ተመለሰ።

«ምን አለች?» አለችው ወይንሸት።

«አዝናለች። እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚቆየው ትላለች።»

ታደሰ አገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፣ እዚህ ሆቴል በር ላይ መኪና ያቆማል። ነገር መምራት ግን አልተወውም። ለቅሶው ጋብ ሲል ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጅቱ አሁን አትሰማም» አለ። «ባዕድ ቤት ናት፣ የሚይዛት ሰው የለም። ትምህርቷም ይበላሻል። ግንቦት አጋማሽ ፋይናሏን ስትጨርስ ሄደን እናረዳታለን።»

«ሁለት ወር?» አለች ሸዋረጋ።

«ቅዳሜ መሆን አለበት። እኔ ከዚያ በፊት ቅዳሜ ዴይ ኦፍ የለኝም።»

«የኔ ማክሰኞ ነው» አለች ወይንሸት፣ እሷ ነርሲንግ ሆም ነው የምትሠራው። «ግን ካሁኑ ካስታወቅኩ ይቀይሩልኛል።»

ሸዋረጋ እሺ አለች። ወጉ የእሷም ወግ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ተዘጋጅቶ፣ አብሮ የሚያለቅስ አጠገብ ተቀምጦ ነው። እሷን ያረዷት እንዲያ ነው፣ ወንድሟንም የፀዳለን እናት ሞት ሲያረዱት እንዲያ ነበር። ልጅቱ ሳን ሆዜ ላይ ብቻዋን ወለል ላይ ከምትወድቅ ሁለት ወር ሳታውቅ ትሳቅ። ሁለት ወር ስንት እሑድ እንዳለው ግን ያን ጊዜ አልቆጠረችም።

የመጀመሪያው እሑድ ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ፣ ከአባዬ ደብዳቤ መጣ?»

«አልመጣም። እሱ መቼ ነው ብዕር ወድዶ የሚያውቀው?»

«ዶኛ ኤልቪራ ማታ ማታ ስለ አባዬ ትጠይቀኛለች። ምን ይሠራል፣ ምን ይወዳል፣ ሲቆጣ እንዴት ነው ትለኛለች። እንድለማመድ ብላ ነው። የማውቀው አለቀብኝ። በአሥራ አራት ዓመቴ ነው የተለየሁት። ይንገሩኝ እስቲ።»

ሸዋረጋ ዓይኗን ጨፈነች። አልነግርሽም ብትል ልጅቱ ትጠረጥራለች። ስለዚህ ነገረቻት። ቀበና ውስጥ አንድ ጡረተኛ ኮሎኔል ነበር፣ ውሻው የውሃ ቆጣሪው ላይ ካልሆነ አይተኛም። ዘነበ ኪሱ ውስጥ አጥንት ይዞ ይሄዳል። አጥንቱን የረሳ ቀን ውሻው አይነሳለትም፣ እሱም ቁጥሩን በግምት ጽፎ ይወጣል። ኮሎኔሉ ውሃው በዛብኝ ብሎ ቢሮ ድረስ መጥቶ ሲከስሰው፣ «ጌታዬ፣ ያነበበው ውሻዎ ነው፣ እሱን ይጠይቁልኝ» አለው። ፀዳለ በስልኩ ውስጥ ከት ብላ ሳቀች። ሸዋረጋም አብራ ሳቀች። ስልኩን ስታስቀምጥ ፎጣ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ መታጠቢያ ቤት ገባች።

በሚቀጥለው እሑድ ስለ ሠርጉ ጠየቀቻት። በሦስተኛው ልጅ ሳለ ዛፍ ላይ ወጥቶ መውረድ ስላቃተው ቀን። ሸዋረጋ ጥቁር ልብሷን ከሥራ ልብሷ ሥር እየለበሰች ፕሌዘንተን ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ለእሑዱ የሚነገር ነገር ስታስብ ትሰነብታለች። በአራተኛው እሑድ የምታደርገው ነገር ገባት። ሙሾ ነው። አልቃሽ የሟቹን ነገር አንድ በአንድ እያነሳች እንደምታወርደው እሷም እያወረደች ነው፤ ዓይኗ ደርቆ፣ ድምፅዋ ሳይሰበር፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለችው ልጅ እየሳቀችላት። አርባ ሽንት ቤት ከማጠብ ይልቅ ያቺ የእሑድ ስልክ አጥንቷን ታደክመው ጀመር።

አርባው ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ በስድስተኛው እሑድ፣ ፀዳለ ገና ሃሎ ሳትባል ነው የጀመረችው።

«እትዬ፣ ቅዳሜ ልደቴ አይደል? ዶኛ ኤልቪራ ስጦታዬን ካሁኑ ነገረችኝ። በቤቷ ስልክ ለአባዬ እንድደውል! ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚያ ሲመሽ። እኔ ደግሞ ተስፋ አድርጌ ከወር በፊት በዚያ ቀን ጋሼ ጌታቸው ቤት ሆኖ እንዲጠብቀኝ ጽፌለት ነበር። ደርሶት ይሆን?»

«እንጃ» አለች ሸዋረጋ።

«ድምፅዎ ምን ሆኗል?»

«ደክሞኛል።»

እሷስ እውነቷን ነበር።

በዚያው ምሽት ታደሰ ቤት ሄደች። ታደሰ ነገሩን ሰምቶ አልደነገጠም።

«ጌታቸውን ኮል አድርጌ እነግረዋለሁ» አለ። «አባትሽ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል ይበላት። ምን ጣጣ አለው?»

«የሞተ ሰው ሥራ ወጣ ይባልልኝ?»

«ለሦስት ሳምንት እኮ ነው፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ።»

«ስድስት ሳምንት ዋሽቻለሁ፣ ይበቃኛል። አሁን ደግሞ ጌታቸው ይዋሽልኝ፣ የጌታቸው ሚስት ትዋሽልኝ፣ ኋላ ልጅቱ ቁጭ ብላ ስታስበው ያልዋሻት ሰው ማንን ታገኛለች? የምትጠላው አንተን አይደለም ታደሰ። እኔን ነው።»

«እንግዲያው በዚህ ሳምንት ሄደን እናርዳታ» አለች ወይንሸት።

ታደሰ ጣቱን ማጠፍ ጀመረ። «ዐርብና ቅዳሜ ሆቴሉ ሠርግ አለ፣ አልወጣም። መንገሻ አዲስ ሥራ ነው የገባው፣ ገና በሁለተኛ ሳምንቱ አይቀርም። አንቺም ማክሰኞ ነሽ። ሰኞን ቢታገሡ ሁለት ሰው አላጣም።»

«ሰኞ ማንን ልታረዳ ነው? ቅዳሜ ከስልክ ከሰማች በኋላ?»

«ብቻዎን እንዳይሄዱ ግን። ብቻዎን ከሄዱ መርዶ አይደለም፣ ነገር ነው። ደግሞ ቀኑን ብትጠይቅ በዚህ ሳምንት ነው ይበሏት። የዘገየ ነገር ያስቀይማል።»

ሸዋረጋ ካፖርቷን አነሳች። «በዚህ አገር መሞት የሚቻለው በዴይ ኦፍ ነው ማለት ነው» አለችና ወጣች።

ሰኞ ዐሥር ሰዓት ቫኑ ውስጥ እንደ ወትሮዋ ከኤል ሳልቫዶሯ ከበርታ ጎን ተቀመጠች። ከበርታ ጋር ሦስት ዓመት አብረው ሽንት ቤት አጥበዋል። የሚግባቡት በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ በጥቂት ስፓኒሽና በእጅ ነው፣ ግን ይግባባሉ። ሸዋረጋ ነገሩን አላዞረችውም። የሰው አባት ሞተ በናንተ ቋንቋ እንዴት ይባላል ብላ ጠየቀቻት።

«የማን አባት?» አለች በርታ።

«የልጄ። የወንድሜ ልጅ።»

«አታውቅም?»

«አታውቅም።»

በርታ የራሷን ነገረቻት። የወንድሟን ሞት የሰማችው ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ካለ የሕዝብ ስልክ ነው። እዚያው ወደቀች። ዓይኗን ስትገልጥ ልብሷ ማድረቂያው ውስጥ ይሽከረከራል፣ አንድ ሰውዬ ደግሞ የራሱን ልብስ ለማውጣት በላይዋ ተራምዶ ያልፋል።

«ብቻዋን አትሁን» አለች በርታ። «ሙቻስ ሴኞራስ።» ሁለቱን እጆቿን ከፍታ ብዙ ሴቶች ማለቷ እንደሆነ አሳየቻት።

ለሸዋረጋ የጎደላትም ይኸው ነበር። ሳን ሆዜ ላይ የሚያለቅስላት የአበሻ ሴት አንድም የላትም። ዶኛ ኤልቪራ ግን በዚያ ሰፈር ሃያ ዓመት የኖረች ሴት ናት። ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ሰው አያጣም። ችግሩ፣ ልጅቱ ሳታስተረጉም ለዶኛ ኤልቪራ ማን ይነግራታል? በርታ ልደውልላት ወይ አለች። ሸዋረጋ እምቢ አለች። የወንድሟን መርዶ የማታውቀው ሰው በስልክ እንዲናገርላት ደሟ አልፈቀደም።

እንግዲህ ተማረች። ሦስት ቀን፣ ከኦክላንድ እስከ ፕሌዘንተን፣ በርታ እየተናገረች እሷ እየደገመች። ማክሰኞ ላይ የፊት ወንበር ያሉት ሰሙና ምን እንደሆነ ጠየቁ። ረቡዕ ቫኑ ሙሉ አስተማሪ ሆነ፤ አንዷ ምላስሽን አስረዝሚው ትላለች፣ ሌላዋ ቀስ በይ ትላለች። ሸዋረጋ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ የመጀመሪያ ትምህርቷን መስታወት እየወለወለች፣ መስታወቱ ውስጥ የራሷን አፍ እያየች አጠናች። ልጅቱ ይህን ለመማር ኮሌጅ ገባች፣ እሷ ቫን ገባች።

ሐሙስ ጠዋት፣ ፀዳለ ክሊኒክ በምትሆንበት ሰዓት፣ ደወለች። ዶኛ ኤልቪራ ቤት ነበረች፤ ፋብሪካው የሚከፈተው ፍሬው ሲደርስ ነው።

«ሶይ ላ ቲያ» አለች ሸዋረጋ። አክስቷ ነኝ።

ዶኛ ኤልቪራ በደስታ የሰላምታ መዓት አወረደችባት። ሸዋረጋ እስክትጨርስ ጠበቀች።

«ኤል ፓፓ ደ ፀዳለ ሙሪዮ።» አባቷ ሞተ።

በወዲያኛው ጫፍ ወንበር ሲሳብ ተሰማ።

«ኤያ ኖ ሳቤ።» እሷ አታውቅም። «ማኛና። ቴምፕራኖ። ሙቻስ ሴኞራስ።» ነገ፣ በማለዳ፣ ብዙ ሴቶች።

ዶኛ ኤልቪራ መጠየቅ ጀመረች። አንድ ጥያቄ፣ ሌላ ጥያቄ፣ ሦስተኛ። ሸዋረጋ አንዱም አልገባት። ቫኑ ውስጥ መናገር እንጂ መስማት አላስተማሯትም። ስለዚህ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ አክስቷ ነኝ፣ አባቷ ሞተ፣ አታውቅም፣ ነገ በማለዳ። ዶኛ ኤልቪራ በሁለተኛው አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ ቀስ አድርጋ፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ «ሲ፣ ሴኞራ» አለች፤ አዎ፣ እመቤቴ ማለቷ ነው። «ሙቻስ።»

ዐርብ በመጀመሪያው ባቡር ፍሪሞንት ደረሰች። ከፍሪሞንት አውቶቡስ ያዘች። ጥቁሯን ዛሬ ከላይ ለብሳለች። ሦስት ሰዓት ብትተኛ ነው። መስኮቱ ላይ ጭንቅላቷን ደግፋ የምታስበው አንድ ነገር ነው። ሴትዮዋ ያልገባት እንደሆነስ? ልጅቱ በሌሊት ልብሷ በር ከፍታልኝ፣ እኔና እሷ ብቻ ቆመን የቀረን እንደሆነስ? ስትወድቅ በየትኛው ጉልበቴ ነው የምይዛት?

መንገዱ ከነቁጥሩ ተጽፎ ተሰጥቷታል፤ ወረቀቱን ለሾፌሩ እያሳየች ነው የወረደችው። ቤቱን ግን ሳትጠይቅ አገኘችው። ከመንገዱ ከወዲህም ከወዲያም ሴቶች ይመጣሉ። ጥቁር ሻርፕ ራሳቸው ላይ አድርገዋል፣ እያንዳንዷ ከገዛ ወጥ ቤቷ አንድ አንድ ወንበር ተሸክማለች። ወንበር የያዘች አሮጊት ከፊቷ ቆመችና አየቻት፣ ጥቁሩን አየች፣ በአገጯ ተከተይኝ አለቻት።

ሳሎኑ ውስጥ አሥራ አራት ሴት ነበር። ሸዋረጋ ቆጠረች። የኦክላንዶቹ ቢመጡ አምስት አይሞሉም ነበር። ዶኛ ኤልቪራ አጭር፣ ድንቡሽቡሽ ያለች፣ ዓይኗ ያበጠ ሴት ናት። ክንዷን ይዛ ከመኝታ ቤቱ ኮሪደር ፊት ለፊት አስቀመጠቻት። የሚሰማው የመቁጠሪያ ድምፅ ብቻ ነበር።

ፀዳለ ጠጉሯን በሻሽ እንደጠቀለለች፣ መነጽሯን እያስተካከለች ወጣች። ሴቶቹን ስታይ ለዶኛ ኤልቪራ በስፓኒሽ አንድ ነገር አለች፣ ፈገግ እንደማለት ብላ። የልደቴ ነገር ነው ብላ ይሆናል። የልጅቱ ዓይን ከአንዷ ወደ አንዷ ሄደ፣ ሄደ፣ ሸዋረጋ ላይ ቆመ። ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«እትዬ» አለች። «ማን ነው?»

ሸዋረጋ ለዚህ ሰዓት ሽማግሌዎቹ የሚሉትን አሰናድታ ነበር የመጣችው። አንዱም አፏ ላይ አልመጣም።

«አባትሽ» አለች።

ልጅቱ ከመውደቋ በፊት ሁለት ሴቶች በብብቷ ገብተው ነበር፣ አንዷ ከኋላ ወገቧን አቅፋለች፣ አንዷ መነጽሯን ከፊቷ አንሥታ ኪሷ ከታለች። ሞት የለመዱ ሴቶች ናቸው። ጩኸቱ ከዚያ በኋላ መጣ፣ እነሱም አብረዋት ጮኹ። ሸዋረጋ ከወንበሯ ሳትነሳ ይህን አየችና፣ ስድስት ሳምንት የያዘችው ትንፋሽ ወጣላት።

ቆይቶ፣ ጩኸቱ ሲደክም፣ ፀዳለ ቀና አለች።

«መቼ ነው?»

ታደሰ ያላት ትዝ አላት። በዚህ ሳምንት ማለት ቀላል ነው፣ ማንም የሚያደርገው ነው። የልጅቱን ፊት አየች።

«ዛሬ አርባ ስድስት ቀኑ ነው» አለች።

ፀዳለ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቆጠረች።

«የኮሎኔሉን ውሻ የነገሩኝ?»

«ከሞተ በኋላ ነው።»

«ሠርጉንስ?»

«ከሞተ በኋላ።»

«እኔ እየሳቅኩ።»

«አንቺ እየሳቅሽ።»

ልጅቱ አልተሳደበችም። ብትሳደብ ይሻል ነበር። ፊቷን አዙራ፣ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ራሷን ዶኛ ኤልቪራ ጭን ላይ አደረገች። ከዚያ ወዲያ የምትናገረው በስፓኒሽ ነው። ሴቶቹ ይጠይቃሉ፣ እሷ እያለቀሰች ትመልሳለች። ከሁሉ ውስጥ ሸዋረጋ የምትለየው የወንድሟን ስም ብቻ ነበር። የገዛ ወንድሟ ለቅሶ ላይ ቤት እንደሳተች እንግዳ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ረፈደ፣ ቀትር ሆነ። ልጅ ያላቸው ወጡ፣ ሌሎች ተተኩ። አንዷ ሳህን ይዛ መጣች፣ ሸዋረጋ ራሷን ነቀነቀች። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች፣ ቦርሳዋን አነገተች። ወደ በሩ ስትሄድ ዶኛ ኤልቪራ የልጅቱን ትከሻ ነካ አደረገቻት።

«የት ነው?» አለች ፀዳለ፣ ሳትዞር።

«ሥራ። ቫኑ በዐሥር ሰዓት ይወጣል።»

«ከወንድምዎ ለቅሶ ተነሥተው?»

«ስድስት ሳምንት ስሄድ ነበር። ዛሬ ምን ይለየዋል?»

ያን ጊዜ ነው ልጅቱ የዞረችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጋ አየቻት፤ የሰረጎደውን ጉንጭ፣ ትከሻው ላይ የሰፋውን ጥቁር ቀሚስ።

«ብቻዎን ነው ያለቀሱት?»

«ከታች ያለችው ሴት ትሰማኝ ነበር።»

ፀዳለ አፍንጫዋን በእጇ ጠረገች።

«ይቅር አላልኩዎትም፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ገና ብዙ ጊዜ አልልዎትም። ግን ይቀመጡ።»

«ሳልነግራቸው ብቀር ያባርሩኛል።»

«ቁጥሩን ይስጡኝ።»

ሸዋረጋ የሱፐርቫይዘሩ ስልክ የተጻፈበትን ካርድ ከቦርሳዋ አወጣች። ፀዳለ ግድግዳው ላይ ወዳለው ስልክ ሄዳ፣ የታፈነ አፍንጫዋን እየሳበች በእንግሊዝኛ አነጋገረችው። ሸዋረጋ ያን ያህል እንግሊዝኛ አላት። ወንድሟ የሚለውን ሰማች፣ ሞተ የሚለውን ሰማች። ኩባንያው ለሞት ሦስት ቀን ይሰጣል፣ የሚሰጠውም በቅርቡ ለሞተ ሰው ነው። ስለዚህ ሰውዬው የጠየቀው ምን እንደሆነ ሳትሰማው ገባት። መቼ ነው ማለቱ ነው።

ፀዳለ ስልኩን እንደያዘች አክስቷን አየቻት። ያየቻት በፍቅር አልነበረም።

«ዛሬ» አለች በእንግሊዝኛ። «ዛሬ ጠዋት ነው የሞተው።»

አመሰገነችና ስልኩን ሰቀለች።

«ሦስት ቀን ሰጡዎት» አለች፣ ወደ ዶኛ ኤልቪራ እግር ሥር ተመልሳ እየተቀመጠች።

ሸዋረጋ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ በኋላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የወንድሟን ስም ጠርታ ሙሾ አወረደች፣ ሴቶቹም ቃሉን ሳያውቁት ተቀበሏት።